ለቆየ ዴስክቶፕ ራም መጨመር፦ ከምርጫው እስከ ፍተሻው

ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አንድ ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራም (ኮምፒውተር የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) ተቀምጧል። ጤነኛ ነው፤ ትንሽ ዘመን የቀረበ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ለገዛሁለት አሮጌ ዴስክቶፕ ግን አንድም ቀን አልሠራለትም። ዓይነቱ ልክ ነበር፣ ፍጥነቱ ልክ ነበር፣ ስሎቱ (መሰኪያው) ውስጥም ቀጥ ብሎ ገባ። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ምክንያቱን እስካገኝ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። መልሱ ለካ ራሙ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ማንበብ አላወቅኩበትም እንጂ።

ራም መግጠም ራሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ካቻቪቴ መያዝ የሚችል ሁሉ ይወጣዋል። ልፋቱ ያለው ከዚያ በፊት ነው፦ ማሽኑ በእርግጥ ራም ጎድሎት እንደሆነ ማወቅ፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ምን እንደሚቀበል መለየት፣ ከዚያ ያችን ወረቀት ማንበብ። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ግማሽ ያህሉ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ሳይከፈት ያልቃል።

ብዙ ሰው የሚፈራውን ነገር ቀድሜ ላንሳው፦ ፋይል አይጠፋም። ራም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ እንኳ በየ64 ሚሊሰከንዱ ገደማ ካልታደሰ የያዘው ነገር ይበንናል። ፎቷችሁም ሰነዳችሁም ያለው ሃርድ ዲስኩ ወይም ኤስኤስዲው (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ አንነካውም።

የጎደለው በእርግጥ ራም ነው?

ኮምፒውተሩን እንደ ወትሮው አስነሡና በሥራ ቀን የምትከፍቱትን ሁሉ ክፈቱ፤ ብራውዘሩን ከነታቦቹ፣ ዎርዱን፣ ኤክሴሉን፣ ሙዚቃውን። ማሽኑ ማቃሰት ሲጀምር ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ ግቡና ሜሞሪ (ራሙ)፣ ዲስክና ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) የሚሉትን ሦስቱን ተመልከቱ።

ሜሞሪው ከመቶ 85 ወይም 90 አልፎ ዲስኩ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ከሆነ ችግሩ ራም ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ለጊዜው የማይፈለገውን እያወጣ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ሲፈለግ ደግሞ መልሶ ያመጣል። ሃርድ ዲስክ አንድን ነገር ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ የራም ሥራ የሚለካው ግን በናኖሰከንድ፣ ማለትም በሚሊሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስትሄዱ ኮምፒውተሩ የሚደነዝዘውና ከውስጥ የመፋቅ ድምፅ የሚሰማው በዚህ መመላለስ ምክንያት ነው።

ሜሞሪው ግማሽ ላይ ሆኖ ዲስኩ ብቻውን መቶ ከደረሰ ግን ራም መግዛታችሁን ተዉት። እንዲህ ያለው ማሽን የሚፈልገው ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ እንዲቀየርለት ነው። ሲፒዩው ብቻ መቶ ላይ ተሰቅሎ ከቀረም ራም አያድነውም። በኔ ልምድ ከ2 ወይም ከ4 ጊጋባይት ወደ 8 መውጣት ወዲያው የሚታወቅ ለውጥ ያመጣል። ከ8 ወደ 16 ግን ቪዲዮ ለማያቀናብር፣ ከባድ ጌም ለማይጫወት፣ ቨርቹዋል ማሽን ለማይከፍት ሰው እምብዛም አይታየውም። ስለዚህ 8 ጊጋባይት ያለውና አሁንም በሃርድ ዲስክ የሚነሣ ማሽን ካላችሁ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ግዙለት።

እዚያው ሳላችሁ ዊንዶውሳችሁ ባለ 32 ቢት ወይስ ባለ 64 ቢት እንደሆነ እዩ። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ «አባውት» ስትሉ «ሲስተም ታይፕ» በሚለው ትይዩ ተጽፏል። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ ከዚያችም ላይ ለሌሎች ክፍሎች የሚያዝ አድራሻ ስላለ ብዙውን ጊዜ የሚታየው 3.2 ወይም 3.5 ነው። ባለ 32 ቢት ላይ 8 ጊጋባይት መሰካት ትርፉ ድካም ነው። ወደ 64 ለመሻገር ደግሞ በላዩ ላይ ማሻሻል አይቻልም፤ ፋይል ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ከሆነ ሌላም ገደብ አለ፦ ስታርተር የሚባለው 2 ጊጋባይት፣ ባለ 64 ቢቱ ሆም ቤዚክ 8፣ ሆም ፕሪሚየም 16 ጊጋባይት ላይ ይቆማሉ።

ማዘርቦርዱ ምን ይቀበላል?

ራም በትውልድ ይከፈላል፤ አንዱ ትውልድ በሌላው ቦታ አይገባም። ዲዲአር2 ገበያ ላይ የዋለው በ2003፣ ዲዲአር3 በ2007፣ ዲዲአር4 በ2014 ነው። ኮምፒውተራችሁ ከ2010 እስከ 2014 ባለው ጊዜ የተሠራ ከሆነ ዲዲአር3 የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው፤ በግምት ግን አትግዙ። በተለይ በሽግግሩ ዓመታት የተሠሩት ያሳስታሉ። የኢንቴል ጂ41 ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከሌሎቹ ክፍሎች የሚያገናኘው ቺፕ) ያለባቸው ማዘርቦርዶች ለምሳሌ አንዳንዶቹ ዲዲአር2፣ አንዳንዶቹ ዲዲአር3 ናቸው።

ርግጡን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሲፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም መጫን ነው። «ሜይንቦርድ» የሚለው ገጽ የማዘርቦርዱን ስምና ቺፕሴቱን ይነግራችኋል። «ሜሞሪ» የሚለው የራሙን ትውልድና ጠቅላላ መጠን ያሳያል። «ኤስፒዲ» በሚለው ደግሞ ስሎት እየመረጣችሁ በእያንዳንዱ ውስጥ የትኛው ራም እንደተሰካ፣ ማን እንደሠራው፣ ስንት ጊጋባይት እንደሆነ ታያላችሁ። ባዶ የሆነ ስሎት ባዶውን ይመጣል። አንዳንድ ማሽን ላይ ይህ ገጽ ስለሚዋሽ ኬዙን ስትከፍቱ በዓይናችሁ አረጋግጡ።

የማዘርቦርዱን ስም ከያዛችሁ በኋላ የሠሪው ድረ ገጽ ላይ ማኑዋሉን ፈልጉ። ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮና የመሳሰሉት ከሆኑ የኮምፒውተሩ ሞዴል ይበቃል። ከማኑዋሉ የምትፈልጉት ሁለት ቁጥር ነው፦ በጠቅላላው ስንት ጊጋባይት እንደሚችልና አንድ ስሎት ስንት እንደሚችል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያያል። 16 ጊጋባይት የሚችል ባለ አራት ስሎት ቦርድ በአንድ ስሎት ከ4 በላይ ላይቀበል ይችላል፤ ሁለት ባለ 8 ይዛችሁ ብትመጡ ቁጥሩ ይገጥማል፣ ራሙ ግን አይሠራም። ገደቡን የሚያበጀው በአብዛኛው ቺፕሴቱ ወይም ፕሮሰሰሩ ነው። ኢንቴል ጂ31 ከ4 ጊጋባይት አያልፍም፣ ጂ41 ከ8፣ ኤች61 ከ16።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ መጽሐፍ የሚያካክሉ ጥቃቅን ዴስክቶፖች ብዙውን ጊዜ የላፕቶፕ ራም ነው የሚጠቀሙት። የዴስክቶፕ ራም 13 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ ይረዝማል፤ የላፕቶፑ የዚያ ግማሽ ያህል ነው።

ወረቀቷን ማንበብ

አሁን ወደ መሳቢያዬ ራም እንመለስ። ራም ላይ የምትለጠፈው ወረቀት የምትለው ነገር እንዲህ ያለ ነው፦ «4ጂቢ 2አር×8 ፒሲ3-12800ዩ»። ወረቀቷ ላይ በላቲን ፊደል ነው የምታገኙት፤ እኔ አነባበቡን ነው የጻፍኩት። ከኋላ ጀምሬ ላፍታታው።

መጨረሻ ላይ ያለው «ዩ» ተራ የዴስክቶፕ ራም ነው ማለት ነው። «ኤስ» ከሆነ የላፕቶፕ፣ «አር» ከሆነ የሰርቨር ነው። የሰርቨሩ ዓይነት ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ በርካሽ ይገኛል፤ መልኩም ርዝመቱም ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ነው፤ ስሎቱም ውስጥ ይገባል። ተራ ዴስክቶፕ ግን አይነሣበትም። ወረቀቷ ከተቀደደች ቺፖቹን ቁጠሩ። የዴስክቶፑ በአንድ ገጽ 8 ቺፕ ሲኖሩት የሰርቨሩ ስህተት የሚያርም ተጨማሪ ቺፕ ስላለው 9 ይሆናሉ፤ መሃሉ ላይም ለብቻዋ የቆመች ሌላ ቺፕ ታያላችሁ።

«ፒሲ3» ማለት ዲዲአር3 ነው። «ፒሲ2» ዲዲአር2፣ «ፒሲ4» ዲዲአር4። ከ3ቱ ቀጥሎ «ኤል» ካለበት ራሙ በ1.35 ቮልት መሥራት ይችላል፤ ተራው ዲዲአር3 የሚፈልገው 1.5 ነው። ኤል ያለበት በሁለቱም ስለሚሠራ ሁለቱ በእኩል ዋጋ ከተገኙ እሱን ምረጡ። በ2015 የወጡት የኢንቴል 6ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ላይ የዲዲአር3 ስሎት ካገኛችሁ ግን ምርጫ የለም፤ ባለ ኤሉን ብቻ ነው።

12800 የሚለው ብዙ ሰው የሚደናገርበት ቁጥር ነው። በሰከንድ የሚያልፈው ሜጋባይት ነው። ለ8 ስታካፍሉት 1600 ይመጣል፤ ሰው በአፉ የሚጠራው ፍጥነት እሱ ነው። 10600 ከሆነ 1333፣ 8500 ከሆነ 1066 ነው፤ ወረቀቷ ላይ ቁጥሩ ተጠጋግቶ ስለሚጻፍ ስታካፍሉት ትንሽ ይለያል። ዲዲአር2 ላይ 6400 ካያችሁ 800 ማለት ነው። ማዘርቦርዱ ከሚችለው የፈጠነ ራም ብትሰኩ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሠራል። ሁለት የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ሲገናኙም ሁለቱም በዘገምተኛው ይሄዳሉ።

ቀረን «2አር×8»። እኔን ሁለት ምሽት ያስለፋችኝ እሷ ናት፤ የኔው ወረቀት የሚለው «1አር×8» ነበር። ራም ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ጊዜ የሚለዋወጠው 64 ቢት ነው። «×8» ማለት እያንዳንዱ ቺፕ 8 ቢት ያዋጣል ማለት ስለሆነ 64ቱን ለመሙላት 8 ቺፕ ያስፈልጋል። ይህ አንድ ቡድን ነው። «1አር» አንድ ቡድን ማለትም 8 ቺፕ፣ «2አር» ሁለት ቡድን ማለትም 16 ቺፕ ነው። አሁን 4 ጊጋባይትን አካፍሉ። ለ16 ቺፕ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 256 ሜጋባይት ይደርሰዋል። ለ8 ሲከፋፈል ግን አንዷ ቺፕ 512 ሜጋባይት መሸከም አለባት። የጂ41 ዘመን ቺፕሴት ሲሠራ እንዲህ ያለ ቺፕ ስላልታሰበ አድራሻውን እስከ መጨረሻው መቁጠር አይችልም። ውጤቱም ወይ ግማሹን ብቻ ማየት ነው፣ ወይ እንደኔው ጭራሹን አለመነሣት።

ስለዚህ ማሽናችሁ ከ2011 በፊት የተሠራ ዲዲአር3 ከሆነ ባለ 4 ጊጋባይት ስትፈልጉ ሁለቱም ገጽ ላይ 8፣ 8 ቺፕ ያለውን፣ «2አር×8» የሚለውን ያዙ። አዲሱን ባለ አንድ ገጽ ተዉት፤ ለእናንተ አሮጌው ይሻላችኋል። በ2011 ከወጣው የኢንቴል 2ኛ ትውልድ ኮር ፕሮሰሰር ወዲህ ያሉት ይህ ችግር የለባቸውም፤ ባለ 8 ጊጋባይቱንም ይቀበላሉ። እነሱም ግን እስከ 4ኛው ትውልድ ድረስ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራም ሲሰካባቸው በዚያው ምክንያት እምቢ ይላሉ።

ዲዲአር2 የምትፈልጉ ደግሞ «ለኤኤምዲ ብቻ» (ኤኤምዲ ሌላው ፕሮሰሰር ሠሪ ነው) ተብሎ ከሚሸጠው ባለ 4 ጊጋባይት ተጠንቀቁ። አባባሉ የሻጭ ወግ አይደለም፤ ቺፖቹ የተደረደሩበት መንገድ ስለሚለይ ኢንቴል ላይ በእርግጥ አይሠራም።

አንድ ባለ 8 ይሻላል ወይስ ሁለት ባለ 4? ሁለቱ። ተመሳሳይ ጥንድ በትክክለኛው ስሎት ሲገባ ማዘርቦርዱ ሁለቱን ጎን ለጎን ያሠራቸዋል፤ መንገዱ ከ64 ወደ 128 ቢት ይሰፋል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ለስክሪኑ የሚጠቀመው ከዚሁ ራም ላይ ስለሆነ ልዩነቱ በደንብ የሚታየው እሱ ላይ ነው። ሁለት ስሎት ብቻ ኖሯችሁ ቆይታችሁ ወደ 16 የመሄድ ሐሳብ ካላችሁ ግን አንድ ባለ 8 ገዝቶ ሁለተኛውን ስሎት ክፍት መተው ያዋጣል።

ነባሩን ከአዲሱ ማደባለቅ ይቻላል፤ ትውልዳቸው አንድ እስከሆነ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማሉ። ነባሩ ባለ 1 ጊጋባይት ከሆነ ግን ለምን ትደክማላችሁ፤ አውጡት። ያገለገለ ራም መግዛትም ነውር የለውም፤ እንደ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው በቀላሉ አያረጅም። ቺፑ ያልተሸረፈ፣ ከታች ያሉት ወርቅማ ጥርሶቹ ያልተቃጠሉ ይሁን፤ ከተቻለም መመለስ እንደምትችሉ ተስማሙ።

ኬዙን መክፈት

የሚያስፈልገው ባለ መስቀል ካቻቪቴ፣ ለስላሳ ብሩሽና ላጲስ ነው። ስልካችሁንም አጠገባችሁ አድርጉ፤ ለፎቶ።

ኮምፒውተሩን ስታጠፉ ሺፍትን ይዛችሁ «ሻት ዳውን» በሉት። ዊንዶውስ 8 እና ከዚያ በኋላ ያሉት በቶሎ ለመነሣት ሲሉ ግማሽ ትውስታቸውን ዲስክ ላይ አስቀምጠው ነው የሚተኙት፤ ሺፍቱ ሙሉ በሙሉ እንዲጠፉ ያደርጋል። ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀሉ። ከኋላ ያለውን ማብሪያ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ገመዱ ከተነቀለ በኋላ የፊት ለፊቱን ማስነሻ ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ተጫኑ፤ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የቀረው ክምችት ይፈስሳል። ማዘርቦርዱ ላይ የምትበራ ትንሽ መብራት ካለች ስትጠፋ ታያላችሁ። እሷ ሳትጠፋ ምንም አትንኩ።

የስታቲክ ኤሌክትሪክ ነገር በቀላሉ አይታይም። በር እጀታ ስትነኩ ጣታችሁን ቆንጠጥ የሚያደርጋችሁ ብልጭታ 3000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው ለሰው የሚሰማው፤ ቺፕ ግን ከዚያ በጣም ባነሰው ሊጎዳ ይችላል፣ እናንተም ሳታውቁት። ለዚህ ልዩ የእጅ ማሰሪያ አለ፤ ከሌላችሁ ምንጣፍ በሌለበት ወለል ላይ ሁኑና በየጊዜው ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ንኩ። ራሙንም እስክትገጥሙት ድረስ ከመጣበት ከረጢት አታውጡት።

አብዛኛው ኬዝ ከፊት ስታዩት የግራው ጎን ነው የሚከፈተው፤ ከኋላ ሁለት ብሎን ፈታችሁ ሽፋኑን ወደ ኋላ ትስባላችሁ። የቢሮ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ብሎን የላቸውም፤ ወደ ጎን የሚሳብ መያዣ አላቸው። ኬዙን በጎኑ አስተኙና ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሡ። ዓመታት የቆየ ማሽን ከሆነ ውስጡ አቧራ ያዘለ ነው፤ በብሩሽ አራግፉለት፣ የቬንትሌተሮቹን ክንፍ በጣታችሁ ይዛችሁ። ለሙቀቱ ራሱ አንድ እፎይታ ነው።

ማውጣትና ማስገባት

ስሎቶቹ ከፕሮሰሰሩ ትልቅ ቬንትሌተር አጠገብ ጎን ለጎን የተደረደሩ ረጃጅም ናቸው። ከላያቸው የሃርድ ዲስክ ገመድ አልፎ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ገለል አድርጉት፤ ተነቅሎ እንዳይቀር ግን በኋላ ጫን አድርጋችሁ አረጋግጡ።

ነባሩን ለማውጣት ከስሎቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ክሊፖች ወደ ውጭ ገፋ አድርጉ፤ ራሙ በራሱ ብድግ ይላል። ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ጥርሶቹን በጣት አትንኩ። መልሳችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነና ጥርሶቹ ከደበዘዙ በላጲስ በስሱ አሽታችሁ ብናኙን ከማዘርቦርዱ ርቃችሁ አራግፉ። ሞተ የተባለ ስንት አሮጌ ኮምፒውተር በዚህ ብቻ ተነሥቷል።

አራት ስሎት ካላችሁ ጥንዱ የት እንደሚገባ ማኑዋሉ ይነግራችኋል። ብዙ ቦርድ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለት ስሎቶች ጥንድ ናቸው። ሁሉም ሠሪ ግን ይህን አይከተልም፤ ቀለሙና ማኑዋሉ ከተጋጩ ማኑዋሉን እመኑ።

አሁን አዲሱን። የስሎቱን ክሊፖች ክፈቱ። ራሙን ከስሎቱ በላይ ያዙና ከታች ጠርዙ ላይ ያለችውን ቁርጥ ከስሎቱ ውስጥ ካለችው ጉብታ ጋር አስተያዩ። ቁርጧ መሃል ላይ አይደለችም፤ ወደ አንድ ጎን ታደላለች። ስለዚህ ራሙ የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 ሁለቱም 240 ጥርስ ኖሯቸው ርዝመታቸውም አንድ ሆኖ እንዳይለዋወጡ የምትከለክለውም ይህችው ቁርጥ ናት። አልገጥም ካለች አታስገድዱ፤ ወይ ገልብጣችሁታል ወይ ትውልዱ ሌላ ነው።

ቁርጧ ከገጠመች ሁለቱን አውራ ጣቶቻችሁን በራሙ ሁለት ጫፎች ላይ አድርጋችሁ እኩል ጫኑ። ከምታስቡት የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ማዘርቦርዱ ትንሽ ሲረግብ ታያላችሁ፤ መጀመሪያ ቀን ልብን ያቆማል፣ ግን ያለ ነገር ነው። ክሊፖቹ በራሳቸው ተነሥተው ቀጭ ይላሉ፤ አንደኛው ጫፍ ቀጭ ብሎ ሌላኛው ዝም ካለ አልገባም። በጣታችሁ ክሊፑን ገፍታችሁ አትዝጉት፤ ራሙን እንደገና ጫኑት። አንዳንድ ቦርድ በአንድ ጎን ብቻ ክሊፕ አለው፤ እዚያ ላይ ክሊፕ የሌለውን ጫፍ አስቀድሙ። ስትጨርሱ ጎንበስ ብላችሁ ከጎን እዩት፤ ከስሎቱ በላይ የቀረው የራሙ ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከፍታ ካለው ገብቷል፤ አንዱ ወገን ወርቁን እያሳየ ከሆነ አልገባም።

ሽፋኑን ሳትመልሱ ገመዱን ሰክታችሁ አስነሡት። ሲሠራ ውስጡን አትንኩ።

ካልነሣ

አንድ ጊዜ ለአጎቴ ራም ልጨምርላቸው ሄጄ፣ እሳቸው ከኋላዬ ቆመው እያዩ፣ ቶሎ ቶሎ ሰክቼ ቁልፉን ተጫንኩ። ቬንትሌተሩ ዞረ፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ ረዘም ያለ ጢጥታ ያሰማል።

«ገደልከው አይደል?» አሉኝ።

«ኧረ አልሞተም ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ ይስጡኝ።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አንደኛው ጫፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ተንጠልጥሎ ነበር። ገመዱን ነቅዬ፣ አውጥቼ፣ እንደገና ስጭነው ቀጭ አለ።

ጢጥታው የቁጣ ሳይሆን የመልእክት ነው። ትርጉሙ እንደ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ሠሪ ይለያያል፤ ራም ከቀያየራችሁ በኋላ ሳያቋርጥ የሚደጋገም ጢጥታ ከመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራሙ ነው። ገመዱን ነቅላችሁ ራሙን አውጥታችሁ መልሱት። እምቢ ካለ አንድ ራም ብቻ በመጀመሪያው ስሎት ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ ሌላኛውን ራም በዚያው ስሎት፤ ከዚያ በሌላው ስሎት። የተበላሸው ራሙ ይሁን ስሎቱ በዚህ ይለያል። አሁንም ካልሆነ ነባሩን ብቻ መልሱ፤ በእሱ ከተነሣ ማሽኑ ደህና ነው፤ የገዛችሁት አይስማማውም ማለት ነው። ያኔ ወደ ወረቀቷ ተመለሱ።

በነባሩም ካልተነሣ የባዮሱን ማስተካከያ እንዲረሳ አድርጉት። ገመዱ ተነቅሎ እያለ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታክል ሲአር2032 ባትሪ አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሷት። ቀንና ሰዓቱ ስለሚጠፋ በኋላ ታስተካክሉታላችሁ። የስክሪኑ ገመድስ ቦታው ላይ ነው? አትሳቁ፣ ኬዙን ስታስተኙ ይላላል።

አንዳንድ ማሽን ደግሞ ይነሣና የሜሞሪው መጠን ተቀይሯል ብሎ አንድ ቁልፍ እንድትጫኑ ይጠይቃል። ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ የተባለውን ቁልፍ ተጫኑና እለፉ።

ዊንዶውስ ውስጥ ማረጋገጥ

ታስክ ማናጀር ውስጥ ተመልሳችሁ ጠቅላላውን እዩ። 8 ሰክታችሁ 7.9 ወይም 7.8 ካለ አትደናገጡ፤ ትንሿ ለግራፊክሱ የተያዘች ናት። ግማሹ ብቻ ከታየ ግን አንደኛው ራም በደንብ አልገባም፣ ወይም ከላይ ያልነው የቺፕ ነገር ነው። ባዮሱ 8 እያለ ዊንዶውስ 4 ብቻ እጠቀማለሁ የሚል ከሆነ ጥፋቱ ከሶፍትዌር ነው። ባለ 32 ቢት መሆኑን እዩ። ካልሆነ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ብላችሁ ፈልጉና «ቡት» ውስጥ፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ላይ «ማክሲመም ሜሞሪ» የሚለው ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ አጥፉት። «ያፈጥናል» የሚል ምክር ሰምቶ ይህን የነካ ሰው ብዙ ነው፤ የሚያደርገው መገደብ ብቻ ነው። በቆዩ ቦርዶች ላይ ባዮሱ ውስጥ «ሜሞሪ ሪማፕ» የሚል ምርጫ ካለ ይብራ።

ፍጥነቱን ሲፒዩ-ዚ ላይ ስታዩ 1600 የገዛችሁት 800 ወይም 798 ብሎ ይመጣል። አልተታለላችሁም። ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ ፕሮግራሙ ምቱን ነው የሚቆጥረው፤ በ2 አባዙት።

ተነሣ ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፣ በተለይ ያገለገለ ከገዛችሁ። አንዲት የታመመች ጥግ ያለችበት ራም ለሳምንታት ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ከዚያ የሚብሰው፣ ስታስቀምጡት የነበረውን ፋይል ሳትሰሙ ያበላሸዋል። ዊንዶውስ የራሱ «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» አለው፤ ስታርት ላይ ፈልጋችሁ ብታስነሡት ኮምፒውተሩን አጥፍቶ መልሶ ያስነሣና ይፈትሻል። እኔ የማምነው ግን ከፍላሽ ዲስክ የሚነሣውን ሜምቴስት86 ነው። ማታ አስነሡትና ተኙ፤ ሙሉ ፍተሻውን ቢያንስ አራት ዙር ይሂድ። አንዲት ቀይ መስመር ካያችሁ፣ አንዲትም ብትሆን፣ ራሞቹን አንድ በአንድ ፈትሻችሁ በሽተኛውን መልሱት። «አንድ ስህተት ብቻ ነው» አይባልም።

ፍተሻውን ሲያልፍ ሽፋኑን ግጠሙ። ያወጣችሁትን ነባር ራም ቢያንስ ለአንድ ወር አትጣሉት፤ ነገ ማሽኑ ቢያስቸግር ጥፋቱ የራም መሆን አለመሆኑን የምትለዩት በእሱ ነው። ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደወጣ ጻፉበት። መሳቢያዬ ውስጥ ያለው የኔ ራም ላይ አሁን አንድ ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፏል፦ «ባለ 8 ቺፕ፤ ጂ41 ላይ አይሠራም»።